ያላልሁትን ያስባለኝ ቴሌቪዥን

በእኛ ጊዜ ሰው የሌላውን ቃል አጣሞ ካወራ፣ ከሽማግሌ ፊት ቆሞ ነበር የሚመልሰው። «እሷ እንዲህ አላለችም፣ እኔ ነኝ የጨመርሁባት» ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ። ዛሬ ማንን ታቆሚያለሽ? ቴሌቪዥኑን ተሸክመሽ ከሽማግሌ ፊት ታስቀምጪዋለሽ? እስኪ ንገሪኝ!

አትሳቂ ልጄ። አንቺ የቆሰበር ከተማ ልጅ ነሽ፣ ቧንቧ በግቢሽ እየወረደ ነው ያደግሽ። የእኛ መንደር ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነው። አንዲት የእጅ ፓምፕ ነበረችን፣ ስትተከል እልል ብለናል። ታዲያ ሁለት ዓመት እንደሠራች እጀታዋ ላላ፣ ቀጥሎ ውሃዋ ቀጠነ፣ ቀጥሎ ጭራሽ ደረቀች። አመለከትን። «በፕሮግራም ተይዟል» አሉን። ደግመን አመለከትን። «በፕሮግራም ተይዟል።» ዓመት ሞላ፣ እኛም ተመልሰን ወደ ወንዝ። ያን ቁልቁለት አታውቂውም። ባዶውን ስትወርጂ ጉልበትሽ ይንቀጠቀጣል፣ ጀሪካን አዝለሽ ስትወጪማ ተይው።

ታዲያ ግንቦት ላይ አንድ ነጭ መኪና መጣ። የውሃው ባለሙያ አለበት፣ የአገራችን ልጅ ነው፣ አዊኛ እንደ እኔ ነው የሚያወራ። ከቴሌቪዥን ጣቢያ የመጣ ጋዜጠኛም አለበት፣ ካሜራ የሚይዝም አለበት። እኔና ምራቴ አለሚቱ ከወንዝ መውጣታችን ነበር። አለሚቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ አምስተኛ ወሯ። ጀሪካናችንን አውርደን ላባችንን ስንጠርግ ባለሙያው መጣና፣

«እማማ ጥሩዬ፣ እስኪ ያቺን ውሃ ያውሱኝ» አለኝ።

«ለምን ልጄ?»

«ፓምፗን ለማነሳሳት ነው። ትንሽ ውሃ ከላይ ትፈልጋለች።»

ሊጠግኑልን ነው ብዬ ደስ አለኝ፣ ሞኝ! የእኔን ጀሪካን አፈሰሰ፣ አልበቃም፣ የአለሚቱንም አፈሰሰ። ከዚያ እጀታዋን ቢነቀንቃት፣ ቢነቀንቃት፣ ቧ! አለች። ወጣ ውሃው። የማን ውሃ? የእኔ ውሃ! በጀርባዬ ያወጣሁት ውሃ! ጋዜጠኛው ግን «ቶሎ! ቶሎ! ሳይቆም ቅረጸው!» ይላል። «ያቺ ነጠላዋ ንጹሕ የሆነችው ሴትዮ ትምጣ፣ በእጇ ትጠጣ፣ ፈገግ በይ፣ ፈገግ!» ይላል። ሴትዮዋ ጎረቤቴ ናት፤ ጠጥታ ቀና ሳትል ውሃው ቆመ።

ከዚያ ጋዜጠኛው ያን የሚናገሩበትን ነገር አፌ ላይ ደቀነው። «እማማ፣ ስለ ውሃው ይንገሩን። በአዊኛ ይሁን።»

«አማርኛ እችላለሁ እኮ» አልሁት።

«አይ፣ በራስዎ ቋንቋ ሲሆን ያምራል። ለቋንቋውም ክብር ነው።»

ለቋንቋው ክብር ነው አለኝ! ትሰሚያለሽ? እኔም በአዊኛ፣ ቀስ ብዬ፣ ቃሉን እየለየሁ፣ «ይህ ውሃ እኔና ምራቴ ከወንዝ የተሸከምነው ነው። ፓምፑ ከተበላሸ ዓመት አለፈው። ምራቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ያ ቁልቁለት ይጥላታል ብዬ እፈራለሁ። ስለ እግዜር ጠግኑልን» አልሁ። ጋዜጠኛው አንዲት ቃል አልገባውም። ራሱን እየነቀነቀ «በጣም ጥሩ! በጣም ጥሩ!» ይለኛል። ባለሙያው ግን ገብቶታል። መሬት መሬት ያይ ጀመር። መኪናቸው ውስጥ ገቡ፣ ሄዱ። እኔና አለሚቱም ባዶ ጀሪካናችንን አንስተን ተመልሰን ወረድን።

ሰኔ ላይ፣ የገበያ ዕለት፣ ድንች ልሸጥ ቆሰበር ወጣሁ። አቶ ሰይድ የሚባል ነጋዴ አለ፣ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም የሚሸጥ፣ ሠላሳ ዓመት ከገጠር ሰው ጋር ሲገበያይ አዊኛ የለመደ። ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ገና ከሩቅ ሲያየኝ «እማማ ጥሩዬ፣ ይምጡ ይምጡ፣ እርስዎን እያሳዩ ነው!» አለ። ሮጥሁ። እውነትም እኔ ነኝ። ሻሼ፣ ጥርሴ፣ የተቀደደው ካባዬ። አፌ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ሁለት ቃል የራሴን ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ድምፄን ወደ ታች ቀበሩትና የአንዲት የከተማ ሴት ድምፅ ከላይ መጣ፣ ለስለስ ያለ፣ ማር የመሰለ።

«ቀደም ሲል ወንዝ እየወረድን እንቸገር ነበር። ዛሬ ግን ንጹሕ ውሃ ደጃችን ድረስ ስለመጣልን ችግራችን ተፈቷል። መንግሥታችንን እናመሰግናለን።»

እኔ ነኝ ይህን ያልሁ! ሰው አጨበጨበልኝ! «እንኳን ደስ ያለዎ እማማ!» ይለኛል የማላውቀው ሰው ሁሉ። ሰይድ ብቻ ነው ያላጨበጨበ። የታች የታቹን ሰምቶት ኖሯል። «እማማ፣ ‹ከወንዝ የተሸከምነው› ሲሉ ሰማሁ ልበል?» አለኝ። «ሰምተሃል» አልሁት። እንባዬ መጣ፣ ግን በንዴት ነው።

ሰኞ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሄድሁ። አንዱ ጸሐፊ ቀና ሳይል፣ «የእናንተ መንደር ፓምፕ ተሠርቷል ተብሎ ፋይሉ ተዘግቷል» አለኝ።

«አልተሠራም!»

«እማማ፣ እርስዎ ራስዎ በቴሌቪዥን ተናግረዋል እኮ። እኔም አይቻለሁ።»

«ያ እኔ አይደለሁም!»

«መልክዎ እኮ ነው!»

መልኬ ነው! ምን ልበለው? የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ፕላዝማ የሚሉት አለ፣ ከግድግዳ ላይ ሆኖ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። «እጅ ብናወጣም አያየን አያቴ፣ ሳይገባንም ይቀጥላል» ትለኝ ነበር፣ አላመንኋትም። ያን ቀን አመንሁ። እሱ ይናገራል፣ አይሰማም።

የባሰው መንደር ስመለስ ነው። ወሬው ቀድሞኛል። አብረን ወንዝ የምንወርድ ሴቶች፣ አብረን ያረጀን፣ ፊት አዞሩብኝ። ያቺ በእጇ የጠጣችው ጎረቤቴ እንኳ «አንቺ አይደለሽ ተፈታልን ብለሽ ያስቀረሽብን!» አለችኝ። «እዚያው ቆመሽ ስናገር ሰምተሽ የለ?» ብላት፣ «እዚህ ያልሽውን ሰምቻለሁ፣ እዚያ ያልሽውን ግን እንጃ» አለችኝ። እዚያ ያልሁት! እኔ ሁለት አፍ አለኝ?

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ያን ቁልቁለት ሳሙና አደረገው። አለሚቱን «እኔ እወርዳለሁ፣ አንቺ ተቀመጪ» ብላትም፣ «በእርስዎ ጉልበት? ተዉ እማማ» ብላ ጀሪካኗን አዝላ ሄደች። ቆየች። ወጥቼ ብጠራ መልስ የለም። ሰው ጠርቼ ብወርድ ግማሽ መንገድ ላይ አገኘናት፣ በጎኗ ወድቃ፣ ጀሪካኗ ከታች ድንጋይ ላይ ተሰንጥቆ። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስናት። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ወንድ ነበር።

...

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ዝም የምል ይመስልሻል?

ጥቅምት ላይ ቆሰበር፣ አዳራሽ ውስጥ፣ የሕዝብ መድረክ አለ ተባለ፤ ቴሌቪዥኑም ይቀርጻል ተባለ። ሄድሁ። አለሚቱም «እኔም እሄዳለሁ» አለች፣ አጠገቤ ተቀመጠች። አለቆቹ ከፊት ተደርድረዋል። ያ ጋዜጠኛ አለ፣ ባለሙያውም ጥግ ይዞ ተቀምጧል። «አስተያየት ያለው?» ሲባል እጄን አወጣሁ። አላዩኝም። ቆምሁ። አላዩኝም። ታዲያ ሄጄ ከሰብሳቢው ፊት ቆምሁና ድምፅ ማጉያውን ከእጁ ወሰድሁት።

«ዛሬ በአማርኛ ነው የምናገር» አልሁ። «አስተርጓሚ አልፈልግም። በግንቦት ‹ፓምፑ ተበላሽቷል፣ ጠግኑልን› ብያለሁ፣ እናንተ ‹ችግራችን ተፈቷል› አስባላችሁኝ። በዚያ ቃል ምክንያት የመንደራችን ፋይል ተዘጋ። በዚያ ምክንያት ይህች ልጅ ወደቀች፣ ፅንሷን ቀበርን። ያን ቃል ያለው ማነው? ተነሥቶ ይመን!»

ሰብሳቢው፣ «እማማ፣ ጊዜ የለንም፣ ይህ ቴክኒካዊ ጉዳይ ነው፣ በጽሑፍ ያቅርቡ» ይላል።

«አልቀመጥም!»

«እማማ እባክዎ...»

«አልቀመጥም አልሁህ! ያ ጋዜጠኛ እዚያ አለ፣ ይናገር!»

ጋዜጠኛው ቢጨንቀው «የተላከልንን ትርጉም ነው ያነበብነው፣ እኔ ቋንቋውን አልችልም» አለ። አዳራሹ ጉም ጉም አለ። ይኸኔ ባለሙያው ተነሣ። ፊቱ ላብ በላብ ነው። «ትርጉሙን የላክሁት እኔ ነኝ» አለ። «እንዲህ ተብሎ ይላክ ተባልሁ። ፓምፑም አይሠራም፤ ውሃ ከላይ ጨምረንበት ነው የተቀረጸው። እማማ ያሉት ሁሉ እውነት ነው።» ከዚያ ወደ አለሚቱ ዞሮ በአዊኛ ይቅርታ ጠየቃት። እሷ አልመለሰችለትም። እንድትመልስለትም አልነገርኋት።

በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሠራተኛ መጣ፣ የፓምፗን የውስጥ ዕቃ ቀየሩ። ትሠራለች አሁን። ጎረቤቶቼም መጥተው እግሬ ላይ ወደቁ፣ አነሣኋቸው፤ እነሱም ተታልለው ነው። ያ ባለሙያ ግን ከሥራው ወደ ሩቅ ተዛወረ ሲሉ ሰማሁ። ይላክ ብሎ ያዘዘውስ? እሱ አለ፣ ወንበሩ ላይ።

ቴሌቪዥኑ ተሳስቻለሁ ይል ይሆናል ብዬ ሰይድ ዘንድ ሄጄ ጠበቅሁ። ያን ስብሰባ አሳዩት። እኔም አለሁ፣ ድምፅ ማጉያ ይዤ፣ አፌን ከፍቼ፣ እጄን ዘርግቼ። ድምፄ የለም! ያቺው ማር ድምፅ ከላይ መጣችና፣ «ተሳታፊዎች ገንቢ አስተያየት ሰጥተዋል» አለች።

ገንቢ አስተያየት! የልጅ ልጄን የቀበርሁበትን ቃል! ሰይድ «ላጥፋው እማማ?» አለኝ። «አጥፋው!» አልሁት፣ አጠፋው።

ምን እየጻፍሽ ነው አንቺ? የምናገረውን ነው?

«አዎ እማማ። አንዲት ቃል ሳልቀይር፣ እንዳሉት።»

እንደዚያ ካልሽ ከመጀመሪያው ጀምሪና አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ።