የሺራዟን ሙሽራ ፊት የመለሱት የአቶ ጥሩሰው ንጋቱ ዜና ሕይወት

ከአትላንታ ዙሪያ፣ ከስኮትዴልም ከስኔልቪልም፣ ከሥራችሁ አስፈቅዳችሁ የመጣችሁ ወገኖች፣ አሁን የሚነበብላችሁ የአቶ ጥሩሰው ንጋቱ የሰባ ስድስት ዓመት ታሪክ ነው፤ እዚህም እዚያም ትንሽ የተጋነነ ቢመስላችሁ፣ ሟቹ ራሳቸው የሰውን ፊት ከነበረበት ጥቂት አሳምረው የሚያወጡ ባለሙያ ስለነበሩ አይቀየሙንም።

አቶ ጥሩሰው ከአባታቸው ከምድር ባቡሩ ሠራተኛ ከአቶ ንጋቱ ደስታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጋነሽ በየነ በ1941 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ከዚራ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥረው፣ ኔጋቲቭን በሹል እርሳስ እየነካኩ ብጉር ማጥፋትን፣ የተሸበሸበ ግንባር መዘርጋትን፣ ያበጠ ዓይን ማስተካከልን ተማሩ። በዚህም ሙያቸው ከመራቀቃቸው የተነሣ በባቡሩ መስመር እስከ ጅቡቲ ድረስ አስቀያሚ ሰው ጠፋ፤ ፎቶውን የተቀበለ ሙሽራም ቤቱ ሄዶ ከመስታወቱ ጋር ይጣላ እንደነበር የሚመሰክሩ አሉ።

በ1970 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ተሰደው በካርቱም ለስደተኞች የጉርድ ፎቶግራፍ ሲያነሱ ከወይዘሮ ፍቅርተ መንገሻ ጋር ተዋውቀው በጋብቻ ተሳሰሩ። ወይዘሮ ፍቅርተ እንደሚሉት፣ «ሌላው ወንድ ፎቶ አይቶ ያገባል፤ እሱ ግን መጀመሪያ በእርሳስ እንደሚፈልገው አድርጎ ሠርቶኝ ነው ያገባኝ»። በ1976 ዓ.ም. አትላንታ ገብተው በስኮትዴል አፓርታማ ሲኖሩ ሶስናንና አቤኔዘርን አፈሩ፤ አቶ ጥሩሰውም ጥቂት ዓመታት በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ከሠሩ በኋላ፣ በብሩክሄቨን ፎቶ ቤት በነበራቸው ኢራናዊው አቶ ፈሪዱን ዘንድ ተቀጥረው ወደ እርሳሳቸው ተመለሱ።

ስማቸው በአትላንታ ፋርሶች ዘንድ የሚነሣበት ነገር የሆነው በ1993 ዓ.ም. ነው። የአቶ ፈሪዱን እናት ወይዘሮ ማህሩክ የዘጠና ሦስት ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ ከኢራኗ ከተማ ከሺራዝ ሲወጡ ምንጣፍ ውስጥ ጠቅልለው ያመጡት አንድ የመስታወት ኔጋቲቭ ነበራቸው፤ በዚያም ላይ የእናታቸው የሙሽርነት መልክ ይገኝ ነበር። በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። አቶ ፈሪዱን በመጋቢት ለሚውለው ዘመን መለወጫቸው እናታቸውን ሊያስደንቁ አስበው፣ መስታወቱን ለአቶ ጥሩሰው ሰጥተው በትልቁ እንዲያትሙት አዘዙ። አቶ ጥሩሰውም ሲያዩት የሙሽራዪቱ ሁለት ቅንድብ ተገናኝቶ አንድ መስመር ሆኗል፤ ከላይኛው ከንፈሯም በላይ እንደ ቀጭን ጺም ያለ ጥላ አርፎበታል። የመቶ ዓመት ሻጋታ መሰላቸው። «የሰው እናት ፊት ላይ እድፍ ትቼ አላልፍም» ብለው፣ ኔጋቲቭ ላይ ያረፈ እርሳስ ሲታተም ነጭ ሆኖ ይወጣልና፣ በድሬዳዋ ወግ መስታወቱን በእርሳስ ነክተው ቅንድቡን ለያዩት፤ ጺሙንም አጠፉት።

በበዓሉ ቀን ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሥዕሉ ሲገለጥ ወይዘሮ ማህሩክ ረጅም ጊዜ አዩትና «ይህች ማን ናት?» አሉ። ቀጥለውም «እናቴን ጌጧን የገፈፋት ማን ነው?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ለካስ በዚያ ዘመን በፋርስ አገር የተገናኘ ቅንድብና ከከንፈር በላይ ያለ ለስላሳ ጠጕር የቁንጅና ቁንጮ ኖሯል፤ ያልበቀለላትም ወይዘሮ በኩል ትሥለው ኖሯል።

አቶ ጥሩሰው ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። እርሳሱ ምስሉን ከያዘው ከመስታወቱ ስስ ቆዳ ጋር ስለተጣበቀ፣ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ቢያሹት ፊቱ ተልጦ ሊቀር ነው፤ እንዳይተዉት ደግሞ ወይዘሮ ማህሩክ ልባቸው ደክሞ ሐኪሞች ዓመቱን አይዘልቁም ብለዋል። ልጃቸው ሶስና «ዳዲ፣ በቃ ስካን አድርገውና በኮምፒውተር ፊክስ አድርገው!» ብትላቸው «ያጠፋሁት መስታወቱ ላይ ነው፤ የምመልሰውም መስታወቱ ላይ ነው» አሉ።

ነገር ግን ከእርሳሱ በታች የቱ ሻጋታ፣ የቱ ኩል እንደነበረ መለየት ስላልቻሉ፣ የዚያን ዘመን ሰው ፊት መማር ነበረባቸው። አቶ ፈሪዱን ለወገኖቻቸው ቢነግሩ፣ በአትላንታ ያለ ፋርስ ሁሉ የአያቱን አልበም እየተሸከመ መጣ፤ በዚያን ሰሞን ወደ ፎቶ ቤቱ የሚወስደው መንገድ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ፣ በአልበም ብዛት ተዘጋ ቢባል የተጨመረው ጥቂት ነው። አቶ ጥሩሰውም በማጉያ መነጽር ያዩትን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያወሩት ይገረሙ ነበር፦ የበግ ለምድ ቆብ እንደ ማማ የደፉ ሹማምንት፣ ከነጭ የእግር ሹራብ በላይ እንደ ዣንጥላ የተነፋ አጭር ጉርድ የለበሱ እመቤቶች፣ ዝሆን የሚያህል ደረት ኖሯቸው የእንጨት ዱላ ትከሻቸው ላይ ያነሡ ትግል ገጣሚዎች፤ ቀጥሎም የሴቶች መሸፈኛ በአዋጅ የተከለከለ ጊዜ የተነሡ፣ የፈረንጅ ባርኔጣ ደፍተው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው አሮጊቶች፤ ከዚያም የዚያችው አሮጊት ልጅ አዲስ መኪና ተደግፋ ስትስቅ። «አገር ሙሉ ሲያረጅና ሲታደስ አየሁ፤ ሁሉም ደግሞ ቀና ብሎ ያየኛል» ይሉ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥጥ በቀጭን እንጨት ጫፍ ጠቅልለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ በቀን የጤፍ ቅንጣት የምታህል ቦታ ብቻ ያጸዱ ጀመር። ወይዘሮ ፍቅርተ «አንተ ሰው፣ የራስህ ጺም በሳምንት ደረትህ ይደርሳል፤ የእሷ ስድስት ወር ሙሉ እንዴት እንቢ አለ?» እያሉ ቢቀልዱባቸውም፣ እራታቸውን በማንኪያ ያጎርሷቸው የነበሩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ወይዘሮ ማህሩክ በጥቅምት አልጋ ያዙ። በኅዳር አሥራ ሁለት አቶ ጥሩሰው አዲሱን ሥዕል ይዘው አልጋው ዘንድ ቀረቡና ከፊታቸው ዘረጉላቸው።

አዛውንቷ አዩ፤ የእናታቸውን ቅንድብ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ተከተሉ፤ ከንፈሩ ላይ ሲደርሱም ሳቁና ለልጃቸው «አየህ? እኔ በአባቴ ወጥቼ ነው እንጂ እንዲህ ቆንጆ በሆንኩ ነበር» አሉ። የአቶ ጥሩሰውንም እጅ ስመው በአሥራ አንደኛው ቀን አረፉ። ከዚያ ወዲህ አቶ ጥሩሰው ከማንም ፊት ላይ፣ የፊቱን ባለቤት ሳይጠይቁ፣ አንዲት ነጥብ አላነሡም፤ የስንት ፋርስ ቤተሰብ አያቶች በእሳቸው እጅ ታድሰው ስማቸው በፎቷቸው ጀርባ ተጽፎላቸዋል።

አቶ ጥሩሰው ወደ ስኔልቪል ቤታቸው ከገቡ በኋላ በእጅ መንቀጥቀጥ ሕመም ተይዘው ሰባት ዓመት ታግለዋል፤ በእነዚያም ዓመታት አቶ ፈሪዱን በየሳምንቱ እየመጡ ጺማቸውን ይላጩላቸው ነበር። በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት አራት ቀን፣ ቤተሰባቸው እንደከበባቸው ዐረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፍቅርተን፣ ልጆቻቸውን ሶስናንና አቤኔዘርን፣ አራት የልጅ ልጆችን እንዲሁም በድሬዳዋ የሚኖሩ እኅታቸውን ወይዘሮ አስካለን ትተዋል። ይህ ጽሑፍ ሲሰናዳ አቶ ፈሪዱን መጥተው «እኔንም ወንድም ብላችሁ ጻፉኝ» ቢሉ፣ የሚጽፈው ሰው «ወንድምነቱ በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወይዘሮ ፍቅርተም «በእናት በኩል ነው፤ ጻፍ» አሉ። ስለዚህ በእናት በኩል ወንድማቸው የሆኑትን አቶ ፈሪዱንንም ትተዋል።

የሰውን ሁሉ መልክ የሚያውቅ አምላክ የአቶ ጥሩሰውን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።