የነጩ ኮረብታ እምነት

ከምንኖርበት ሰፈር፣ ከዋይንድሃም ቬል፣ ጥቂት ሆነን አንድ ነጭ የኖራ ኮረብታ ልንወጣ ሄድን። አሥራ አንደኛውን ካንጋሮ ስቆጥር፣ ጎረቤቴ እትዬ አስቴር ከነጩ አፈር ቆንጠር አድርገው፣ ጉልበቴን ይሻለኝ ብለው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን እምነት ቀመሱት። አስጎብኚያችን ደንግጣ፣ ኮረብታው በሙሉ ጥንት የሞቱ የባሕር እንስሳት ቅርፊት መሆኑን ነገረችን። እኔም ተረጎምኩላቸው።

«ውይ ጋሼ! በጾም? ገደፍኩ በሉኛ!»

«አይዞዎት፣ እነሱ ሲሞቱ ጾም አልታወጀም ነበር።»

«ይሳቁብኝ እንጂ! የንስሐ አባቴ መቶ ስግደት ቢያዙኝስ፣ በዚህ ጉልበት? ይልቅ አሁን ያሉትን ለእሳቸው ይንገሩልኝ።»

ሳቄ ጠፋ። «እሱስ ይቅርብኝ» አልኳቸው። «እኔም ከታች ስንነሳ ከአፈሩ ቀምሻለሁ።»