የወደቀው ግድግዳ ብቻ ነው?

ሽማግሌው ጁማዲል የበረታቸው ግድግዳ በቀለጠ በረዶ ርሶ ስለወደቀ፣ አሻር ለሚባለው ደቦ ጎረቤት ሊጠሩ ወጡ። የደቦ ጥሪ በዚያ የኪርጊዝ መንደር እንቢ አይባልም። ከመስኖው ድልድይ ላይ ከመንደሩ ነርስ ከኑርዛት ጋር ተገጣጠሙ።

«ቅዳሜ ደቦ አለብኝ ልጄ፤ ባልሽን ላኪልኝ።»

«ሁለታችንም እንመጣለን አባባ። ልጅዎ ኤርሜክ እንዴት ነው? ወንድሙን ናዳ ከወሰደው ወዲህ አላየሁትም።»

«ከብት ይዞ ተራራ ወጥቷል።»

«ፈረሱ ደጅዎ ታስሮ? በእግሩ ነዋ የወጣው!»

ሽማግሌው ተቆጡ። ውሸቱ የተያዘበት ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? ኤርሜክ ጓዳ ውስጥ ነበር፤ ሲነቃ ይጠጣል፣ ሲጠጣ ያለቅሳል። ሰሞኑን ደግሞ «መኖሬ ለምን ይበጃል?» ብሏቸው፣ አባትየው በፍርሃት በሩን እየጠበቁ ያድራሉ።

«ማክሰኞ ማክሰኞ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እንሰበሰባለን» አለች ኑርዛት። «ሐዘን የጎዳው፣ መጠጥ ያሸነፈው፣ ሁሉም ያለበትን ይናገራል። ይዘውት ይምጡ።»

«ገበናዬን አደባባይ ላውጣ? ደግሞ በሽተኛ በሽተኛን ምን ሊፈይድለት!»

«ሐኪም ዘንድም እንወስደዋለን፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ግን የደረሰበትን የሚያውቀው የደረሰበት ነው። አንጥረኛው ባኪት መጠጥ ሲያምረው ጓደኞቹን ይጠራል፤ መጥተው አብረውት ይቀመጣሉ። ሌላው ሲጨንቀው ደግሞ እሱ ይሄዳል።»

«ያ በየአጥሩ ሥር የሚወድቀው?»

«አዎ፣ ቅዳሜ ጭቃዎን የሚረግጥልዎ። አባባ፣ ግድግዳ ሲወድቅብዎ መንደሩን ይጠራሉ፤ ልጅ ሲወድቅብዎ ግን በር ይዘጋሉ።»

«ግድግዳ አይወራበትም!»

«እንዴት አይወራበትም! አምና ‹የጁማዲል ግድግዳ እንደ ባለቤቱ ጠማማ ነው› ብለው ሲስቁብዎ አልነበረም? እየሳቁም ግን አቆሙልዎ።»

ሽማግሌው ሊስቁ ሲሉ እንባቸው ቀደማቸው። «እንዳይሞትብኝ ፈራሁ» አሉ።

ቅዳሜ ሰው ሁሉ ሲመጣ የጓዳውን በር ራሳቸው ከፈቱት። ባኪት ብቅ ብሎ «ውኃ የሚያቀብለኝ አጣሁ» አለ እንጂ ሌላ ምክር አላበዛም። ኤርሜክ ባልዲውን አነሳ። ማክሰኞ አባትና ልጅ አብረው ሄዱ። ተራው ሲደርስ ልጁ አፉ ተያዘ፤ «እኔ አጃቢ ነኝ» ብለው የመጡት አባት ግን «እኔም ልጄን ቀብሬ እንቅልፍ የለኝም» አሉ። ኤርሜክ ቀና ብሎ አያቸው።

«እርስዎም?» አለ፤ ከዚያ መናገር ጀመረ።

ሐዘኑ አልጠፋም፤ ክፉ ቀንም አለው። ነገር ግን ሐኪሙም ጓደኞቹም ስላሉት ጠርሙሱን ተወ፣ እንቅልፍ አገኘ፤ በበጋው በእርግጥም ከብት ይዞ ተራራ ወጣ። አባትየውም ለደቦ የሚጠራቸው ሲመጣ ከመነሳታቸው በፊት «የወደቀው ግድግዳ ብቻ ነው?» ብለው መጠየቅ ለመዱ።