«ምንም አይሉም» ሲሉ የኖሩት አያ ዳኘው

ወገኖቼ፣ እስቲ ቁጭ በሉ። ከሁሉ በፊት የእትዬ ብርቱን ነገር ልንገራችሁ፤ ከበር ጀምሮ ስትጠይቁኝ ነበር። የአያ ዳኘው ጎረቤት፣ ከአግዳሚው ላይ ሆነው ዳኛውን ሲገስጹ የምታውቋቸው ማለቴ ነው። የጉልበታቸው ኦፕራሲዮን ደህና ሆኗል። ልጃቸው ሪናትም በሰላም ተገላግላለች፣ ወንድ ነው። ሐኪሙ ደረጃ መውጣት ከልክሏቸው ነው እንጂ ዛሬ ከፊት ነበር የሚቀመጡት። «ከነአልጋዬ ውሰዱኝ» እያሉ ቤተሰቡን ሲያስጨንቁ ነው የዋሉት።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ፣ አያ ዳኘው። የመጡበትን ቀን ያስታውሱታል? የቅርጫት ኳስ ቡድናችን፣ የኦልጋ ማዕበል፣ ተሸንፎ ተሸንፎ ከትልቁ ሊግ የወረደ ሰሞን ነው። አዲሱ ባለቤት ይመጣል ተባለና ማንን ያባርር ይሆን እያልን ፈርተን ቁጭ ብለናል። በሩ ተከፈተ። እርስዎ ነጠላዎን እንደ ልቅሶ ቀን ለብሰው፣ ትልቅ ዳቦ ታቅፈው ገቡ። ጥግ ይዘው ተቀመጡ፣ አንገትዎን ደፉ፣ ቆየት ብለው «እግዜር ያጥናችሁ» አሉን። አሠልጣኛችን ኒር ደንግጦ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ማን ሞተባችሁ?» አለኝ። «እኛው ነን የሞትነው» አልኩት። ያን ዳቦ እየበላን፣ እየሳቅን ነው ሥራ የጀመርነው።

ያኔ ማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር። በሱዳን በኩል በእግርዎ መጥተው፣ ብርቱካን ማሸጊያ ገብተው ሠርተው፣ ቀስ በቀስ አንዲት የበርበሬ ወፍጮ እንደተከሉ ኋላ ነው የሰማሁት። ዛሬ ከናሕሊኤል ሰፈር እስከ ነቬ ሐይም ሰፈር የእርስዎ ሽሮና በርበሬ ያልገባበት የወገን ቤት የለም። እኔ ግን ነጋዴነትዎን ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። ማልያ አጣቢዋ እኔ አይደለሁ? የቡድኑ መኪና ሲበላሽ ማልያውን በበርበሬው መኪና አስጫኑት። የእኛ ልጆች ለምደውታል፤ እንግዶቹ ግን ገና ኳሱ ሳይወረወር ያስነጥሳቸው ጀመር። አሸነፍን። መኪናው ከተጠገነ በኋላም «ግድ የለም፣ በእኔው ይሂድ» ይሉኝ ነበር። አሁንም አንገትዎን ደፉ፤ እውነት ነው እኮ።

የፍራሽ ፋብሪካ ያለውን ሰውዬስ? ስሙን ማልያችን ላይ ሊያጽፍ ፈልጎ ከሩቅ ድረስ መጣ። ወሩን ሙሉ ማንም አላሸነፈንም። «ቡድኑ ዘንድሮ እንዴት ነው?» አለ።

«ኧረ ምንም አይሉም» አሉት። «ገና ልጆች ናቸው። ቶሎ ይደክማቸዋል።»

ሰውዬው አመስግኖ ወጣ፤ ማስታወቂያውንም ለሌላ ከተማ ቡድን ሰጠ። የቢሮዋ ሊኢል ጭንቅላቷን ይዛ «ማ ዜ፣ ዳኘው? ምንድን ነው ይኼ? ምን አደረግህ?» አለች፣ በዕብራይስጡ ልማድ አንተ እያለች።

«የገዛ ልጁን በእንግዳ ፊት የሚያሞግስ የት አየሽ? ነውር አይደለም እንዴ?»

ጎንደር ያደግነው ገባን። ሊኢል ግን እስከ ዛሬ አልገባትም።

አንድ ነገር ላይ ግን ይሉኝታ አያውቁም። ድምፅ ማጉያ የያዘው ልጅ የተጫዋች ስም ካበላሸ ደረጃውን ወጥተው «ኔታኔል ቀለሙ በል። አባቱ ቀለሙ እዚያ ተቀምጧል፣ ይስማው» ይሉት ነበር። አንድ ቀን «ወፍጮው አይበቃዎትም? ይኼን ቡድን ምን ብለው ገዙት?» ብዬ ጠየቅሁዎት። «ዓለምወርቅ» አሉኝ፣ «የልጆቻችን ስም በደግ ተነሥቶ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብ መስማት እፈልጋለሁ። እዚሁ ሰፈራችን፣ ጊቫት ኦልጋ፣ እናቶቻቸው በእግራቸው መጥተው በሚያዩበት።»

እንግዲህ ጡረታ ልወጣ ነው ሲሉ የደነገጥነው ለዚህ ነው። ባለፈው ወር ገዢ መጣ። ቡድኑን ወደ ትልቅ ከተማ ወስዶ ስሙንም ሊለውጥ ነው የፈለገው። እኔ ሻይ ይዤ፣ ሊኢል ከኋላዬ፣ በሩ ላይ ቆመናል። ሰውዬው «ለመሆኑ ቡድኑ እንዴት ነው?» አለ። ሊኢል ክንዴን ጨምድዳ «ምንም አይሉም በል፣ ምንም አይሉም በል» ትላለች በሹክሹክታ።

እርስዎ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ «በዕድሜዬ እንዲህ ያሉ ልጆች አላየሁም» አሉ።

ሊኢል ዓይኗን ጨፈነች። እኔም አለቀልን አልኩ። ሰውዬው ደስ ብሎት ብዕሩን አወጣ።

«ስለዚህ ከኦልጋ አይወጡም» አሉት። «ሻይህን ጠጣ።»

ቡድኑን ለሰፈራችን ደጋፊዎች ሰጡት፤ የቀድሞው አምበላችን ያኢርም ይመራዋል። የዚያን ቀን ሻዩን ምንጣፉ ላይ የደፋሁት እኔ ነኝ፤ ሊኢልን ላቅፍ ስል። አያ ዳኘው፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሰፈሩ እግዜር ይስጥልን።

ዛሬ ጠዋት አዳራሹን ስናሰናዳ ስንቱ ብቅ አለ መሰላችሁ። ባለፍራሹም መጣ። ቡድኑ አለመሸጡን ሰምቶ ኖሮ «አለቃችሁ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለኝ። «ኧረ ምንም አይሉም» አልኩት። ሳቀና «አሁንስ ገባኝ» አለ፤ ነገ ከያኢር ጋር ይነጋገራል። እትዬ ብርቱ ደግሞ ደውለው «ለዳኘው ንገሪልኝ፣ የሪናት ልጅ እግሩ ረጅም ነው፣ ካሁኑ ቦታ ይያዝለት» ብለዋል።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ። ጡረታዎ የጤና ይሁን። ከእትዬ ብርቱ ጎን ተቀምጠው ዳኛ የሚገስጹበት ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። እርስዎ ነውሩን አንድ ቀን ጥሰውልናል፤ እኔም ዛሬ እዚሁ ፊትዎ ልጣሰው። በዕድሜዬ እንደ እርስዎ ያለ ሰው አላየሁም።

ለሓይም፣ ለሕይወት።