ተለቅሞ የተላከው ማሾ

ከእብናት ወደ ደብረ ታቦር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ አዛውንት የገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበርና የማኅበሩ የጥራት ሠራተኛ የሆነች ወጣት ተቀምጠው ነበር። ወጣቷ ስልኳን እንደ ዘጋች አዛውንቱ ጠየቋት።

«ምን አሉሽ፣ ልጄ? ውጭ አገር ያሉት ገዥዎች ማሿችንን አንፈልግም አሉ?»

«ተቀብለውታል፣ አባ። ሁለተኛው ናሙና ተመርምሮ ዘረ መሉ የተለወጠ እህል አልተገኘበትም።»

«ተመስገን። ታዲያ የፊተኛውን ናሙና ምን ነውር አግኝተውበት መለሱት?»

«ነውር አላገኙም። እርስዎ እንደ መገበሪያ ስንዴ አንድ በአንድ አስለቅመው ስለላኩት ነው።»

«ለሰው ያልተለቀመ እህል ይላካል እንዴ?»

«እነሱ የሚሹት ከየጆንያው ተዘግኖ የተደባለቀውን፣ ከነገለባው ነው። የተለቀመ ናሙና ስለ ጭነቱ አይመሰክርም፤ ደንቡ እንዲያ ነው።»

«መንደሩማ ‹ማሿችንን መጋዘን ያስቀረው እሱ ነው› ብሎ፣ ከቅዳሴ ስወጣ እንኳ ሰላም የሚለኝ ጠፍቶ ነበር።»

«ከዛሬ ጀምሮ ሰላም ይሉዎታል።»

«ባለቤቴስ? ሦስት ቀን ሙሉ ያስለቀምኋት እኔ ነኝ።»

«ለእርሳቸው የሚሆን ደንብ እንኳ የለንም፣ አባ።»

ዞሬ «እንኳን ደስ አለዎ» ልላቸው ከጀለኝና፣ ቤት የሚጠብቋቸውን ባለቤታቸውን አስቤ ተውሁት።