የማርቆስ የሠርግ ኮት

እኔና ጓደኛዬ ማርቆስ ሆሳዕና ጁስ ቤት ከተቀመጥን ሳንዘልፈው የምናልፈው መጽሐፍም ፊልምም የለም። እሱ የኔን ልብ ወለዶች «የእንቅልፍ ኪኒን» ይላቸዋል፤ እኔ ደግሞ የሱ ፊልሞች ሬሳ ላይ ሦስት ጊዜ የሚተኮስባቸው ናቸው እላለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን የሠርግ ኮቱን ለብሶ መጣ። የሀዲያ ጥለት ከኮሌታው እስከ ኪሶቹ አንድም ባዶ ቦታ ሳይተው ወሮታል።

«መጋረጃ መስለሃል» አልኩት።

«አውቃለሁ! የሰፋችው አስቴር ናት። እጮኛዬን እንዴት ብዬ ልንገራት? ሚዜዬ ነህ፣ አንተ ንገርልኝ፤ አፍህ እንደሆነ ምላጭ ነው።»

ጊምቢቹ፣ ልብስ ስፌት ቤቷ ድረስ ሄድን። አስቴር ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። መርፌ የወጋቸው ሁለት ጣቶቿ ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል።

«ወንድሜ፣ አንተ አንባቢ ነህ፣ አትዋሸኝም። እንዴት ነው?»

ማርቆስ በክርኑ ጎሸመኝ። እኔ ጣቶቿን አየሁ።

«እንዲህ ያለ ኮት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም» አልኳት።

«ጌታ ይባርክህ! እንግዲያው ሚዜዎቹም ይሄንኑ ትለብሳላችሁ» ብላ ሜትሯን ይዛ ተነሳች።

ያን ቀን ማርቆስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«አስቱዬ፣ ለሱ እንኳን ጥለቱን እስከ ሱሪው አውርጂለት።»