ፊደልን ያለ ጩኸት ያስቆጠሩት መምህርት እናትዓለም መርስዔ ኀዘን

ክቡራን ካህናት አባቶች፣ የዕድራችን አባላት፣ ከቁንዝላ በጀልባ፣ ከቆላ ድባ በመኪና የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ብድራችሁን እግዜር ይክፈል። እኔ አስማማው መርስዔ ኀዘን ታላቅ ወንድማቸው ነኝ። ማንበብ አልችልምና ቃሌን የዕድሩ ጸሐፊ አቶ አምባቸው ያነቡልኛል። ታናሼ ናት፤ ዕድሜ ልኬን አንቺ እያልሁ ነው የኖርሁ። ዛሬ ግን እንደ ተማሪዎቻቸው እሳቸው እላለሁ።

መምህርት እናትዓለም ከአባታችን ከመሪጌታ መርስዔ ኀዘንና ከእናታችን ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ በጣና ዳር በቁንዝላ በ1934 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታችን ፊደልና ዳዊት የሚያስተምሩ ሰው ስለ ነበሩ፣ እሳቸውም ከወንዶቹ ልጆች ኋላ ተቀምጠው፣ ከሁሉም በላይ እየጮሁ ፊደል ቆጠሩ፤ እኔ ሐይቁ ላይ መረብ ስጥል የእሳቸውን ድምፅ ከሌላው ለይቼ እሰማ ነበር። የአባታችን አቅም አንድ ልጅ ብቻ ከተማ ልኮ ለማስተማር የሚበቃ ነበርና ማንን እንደሚልኩ ብዙም አላሰቡ። «ይችን ነው የምልክ። የአንተ ዝምታ ለዓሣው ይበጃል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

በዚህ ዓይነት ባሕር ዳር ከአክስታችን ዘንድ ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ ደብረ ብርሃን በመምህራን ማሠልጠኛ ሠልጥነው፣ መጀመሪያ በቆላ ድባ፣ ቀጥሎም ወደ ባሕር ዳር ተዛውረው ለረጅም ዘመን በመምህርነት አገልግለዋል። በዚሁ ከተማ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል የሚሠሩትን አቶ አዘዘን በሕግ አግብተው ፅጌ ማርያምንና የሻሽወርቅን ወለዱ። አቶ አዘዘ ከማሽኑ ጫጫታ የተነሣ ከባልንጀሮቻቸው ጋር በእጅ ምልክት መነጋገር ለምደው ስለ ነበር፣ ቤትም ገብተው ጨው ሲያንሳቸው በእጃቸው ይጠይቁ ነበር። መምህርት እናትዓለምም «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ማሽን የለም እኮ!» እያሉ ይሥቁባቸው ነበር። ኋላ ግን ያ ልማድ ጠቀማቸው።

የእኔ ልጅ አገርነሽ በሕፃንነቷ ትኩሳት ታማ ስትድን ጆሮዋ ሳይሰማ ቀረ። ጠበል ወሰድናት፤ ትኩሳቱ አልተመለሰባትም፤ ጆሮዋም አልተመለሰላት። ከዚያ ወዲያ ከእናቷ ጋር ዓሣ እያሰጣች ቤት ዋለች። መምህርት እናትዓለም ለጥምቀት ቁንዝላ መጥተው ሳለ፣ ልጅቷ ለእያንዳንዱ ሰው በእጇ ስም አውጥታ አገኟት። ቄሱን መስቀል እንደሚያሳልም ሰው፣ እኔን መረብ እንደሚጥል ሰው ታደርጋለች። እሳቸውንስ? የእጇን ጣቶች እርስ በርስ አሻሽታ እፍ ትላለች፤ የጠመኔ ብናኝ ከጣት ማራገፏ ነው። ይህን ባዩ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ይች ልጅ ለሰው ስም ማውጣት ከቻለች ፊደል አያቅታትም፤ ስጠኝ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። በማግሥቱ በጀልባ ይዘዋት ሄዱ።

መሠረተ ትምህርት በታወጀ ጊዜ፣ በ1971 ዓ.ም.፣ ሽማግሌው ሁሉ፣ ባልቴቱ ሁሉ ቀበሌ አዳራሽ እየገባ ሲማር፣ መምህርት እናትዓለም በባሕር ዳር በግሽ አባይና በገበያው ሰፈር እየዞሩ ጆሯቸው የማይሰማ ልጆችን ይፈልጉ ጀመር። የተሸሸገ ብዙ ነበር። አንዳንዱ ቤት «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ልጅ የለም» ሲላቸው፣ የልጁ እግር ከመጋረጃው ሥር ይታይ ነበር። መጀመሪያ በሩን የከፈቱላቸው በገበያው ጨርቅ የሚነግዱት ወይዘሮ ዘይነት ናቸው። «እትዬ እናትዓለም፣ ልጄ ሙሀመድየሱፍ ዐሥር ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ ማንም መጥቶ ስጪኝ ያለኝ የለም» ብለው እጁን ይዘው አስረከቧቸው።

ትምህርቱ የሚሰጠው ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባለች አንዲት ዕቃ ቤት ነበር። ያችን ክፍል ግን የቀበሌው ሱቅ ለስኳር ይፈልጋት ነበር። የችግሩ ሥር ደግሞ ይህ ብቻ አልነበረም። በአገራችን ፊደል የሚቆጠረው በጩኸት ነው፤ ሀ ብሎ ያልጠራ ልጅ ፊደል ያውቃል የሚል ሰው አልነበረም። የቀበሌው ሊቀመንበርም በስብሰባ ፊት፣ «ፊደል የሚጠራ ነገር ነው፤ እነዚህ ልጆች ምን ሊጠሩ ነው የሚማሩት? ስኳሩ እኮ ዝናብ እየመታው ነው» አሉ። መምህርት እናትዓለም ተነሥተው፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ጋዜጣ ሲያነቡ ይጮሃሉ?» ቢሏቸው ሕዝቡ በሣቅ ፈረሰ፤ ሊቀመንበሩ በእውነት እየጮሁ ነበርና የሚያነቡ። ሊቀመንበሩ ራሳቸውም ሣቁ። ነገር ግን ቃላቸውን አልመለሱም፤ «እንግዲያው በፈተናው ቀን እንደ ሰው ሁሉ ይፈተኑ። ካለፉ ክፍሉ የእነሱ ነው፤ ከወደቁ ስኳሩ ይገባል» ብለው ቆረጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህርት እናትዓለም ከእንቅልፍም ከምግብም ተጣሉ። ልጆቹን ይዘው ሐይቁ ዳር ወርደው በእርጥቡ አሸዋ ላይ «ውሃ» ብለው ይጽፉና እጃቸውን ከውሃው ይነክሩላቸዋል፤ እኔ ከቁንዝላ ዓሣ ይዤ የመጣሁ ዕለትም «ዓሣ» ብለው ይጽፉና ዓሣውን ከመረቤ አውጥተው ያስይዟቸዋል። ፊደሉንም በገላቸው አስቆጠሯቸው። ለ ሲባል ቀጥ ብሎ መቆም ነው፤ ሉ ሲባል ቀኝ ክንድን ወደ ጎን ማውጣት፤ ሊ ሲባል ቀኝ እግርን መዘርጋት፤ ላ ሲባል ግራ እግርን አጥፎ በቀኝ መቆም። የጀልባ ተሳፋሪው ቆሞ ያያል። «ምን ዓይነት እስክስታ ነው?» የሚልም ነበር። ምሽት ሲሆን አቶ አዘዘ ከፋብሪካ መልስ እየመጡ የእጁን ምልክት እያራቡ ያግዟቸው ነበር።

የፈተናው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። እኔም ከቁንዝላ መጥቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ። ከአውራጃው የመጡት ፈታኝ እያንዳንዱን ሰው መጽሐፍ ሰጥተው ጮክ አድርገው ያስነብቡታል፤ ያነበበ ይጨበጨብለታል። ተራው የአገርነሽ ሆነ። መጽሐፉን ይዛ ቆመች። ከኋላ አንዱ፣ «በሉ እንግዲህ ስኳሩን አስገቡት!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ሣቀ፤ እሷም የሰውን ጥርስ አይታ አንገቷን ደፋች። መምህርት እናትዓለም ግን ወደ ፊት ወጥተው ፈታኙን፣ «ጌታዬ፣ አፏን አይጠይቁ፤ እጅና እግሯን ይጠይቁ። የወደዱትን ትእዛዝ ሰሌዳው ላይ ይጻፉ። አንብባ ከፈጸመችው አንብባለች» አሏቸው። ሊቀመንበሩ ብድግ ብለው፣ «እርስዎ በዓይን ጠቅሰው ሊነግሯት! ይኸማ ምን ፈተና ይባላል?» አሉ። መምህርት እናትዓለምም «እንግዲያውስ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ» ብለው ዞሩ። ወይዘሮ ዘይነትም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ትልቁን ሻርፓቸውን ከአናታቸው ጀምረው አለበሷቸውና፣ «ይኸው! አሁን በተረከዟ ካልጠቀሰች በምን ትጠቅሳለች?» አሉ።

ፈታኙ አባቷ ማን እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ትንሽ አሰቡና ጻፉ። የጻፉትን እኔ ማንበብ አልቻልሁም፤ ሕዝቡ ግን አንብቦ አንገቱን አሰገገ። ልጄ ጣቷን እያስከተለች አነበበች። ዞራ ሊቀመንበሩን አየች። ተመልሳ ሰሌዳውን አየች። ከዚያ በሰው መካከል ሄዳ፣ ማንም በእጁ ነክቶት የማያውቀውን የሊቀመንበሩን ቆብ ከራሳቸው ላይ አነሣች፤ መጥታም እጄ ላይ አስቀመጠችው። የተጻፈው ለካ «የሊቀመንበሩን ቆብ አንሥተሽ ለአባትሽ ስጪ» የሚል ኖሯል። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ቆቡን እንደያዝሁ ቀረሁ፤ ልመልስ ወይስ ልያዝ አላወቅሁም። ሊቀመንበሩ ራሳቸውን እያሻሹ፣ «ኧረ ቆቤን መልሱልኝ! ክፍሉንስ ወስዳችሁታል» አሉ። በዚያ አዳራሽ ያላዩት መምህርት እናትዓለም ብቻ ነበሩ። ከሻርፑ ውስጥ ሆነው፣ «ምን አደረገች? ኧረ አንድ ሰው ይንገረኝ፣ ምን አደረገች?» እያሉ የጮኹት እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

ከአገርነሽ በኋላ ሙሀመድየሱፍም፣ ሌሎቹም ተራ በተራ አለፉ። ስኳሩ ሌላ ቤት ተፈለገለት። ወሬው ሐይቁን ዞረ፤ ከወረታም ከቁንዝላም ወላጆች የሸሸጓቸውን ልጆች በእጃቸው እየያዙ፣ በጀርባቸው እያዘሉ ይመጡ ጀመር። መምህርት እናትዓለምም በክረምት አዲስ አበባ ወርደው የእጅ ቋንቋን በወጉ ተምረው ተመለሱ፤ ለወላጆችም እሑድ እሑድ ያስተምሩ ነበር፤ እኔም የተማርሁ ከዚያ ነው። ውሎ አድሮ ክፍሉ ደመወዝተኛ መምህር ተመደበለት። ሙሀመድየሱፍ ዛሬ በገበያው ልብስ ሰፊ ነው፤ ደንበኛው የሚፈልገውን ጽፎለት ይሄዳል። አገርነሽ በዚያችው ክፍል ረዳት አስተማሪ ናት።

በ1979 ዓ.ም. በጉሮሯቸው ላይ እብጠት ወጣ። ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ታከሙ። ያ ከሐይቁ ላይ የምሰማው ድምፅ እያነሰ ሄዶ ጨርሶ ጠፋ። እሳቸው ግን ከሕክምና ተመልሰው አልጋ እስኪይዙ ድረስ ከማስተማር አንድ ቀን አልቀሩም፤ በዚያች ክፍል ድምፅ የሚፈልግ አልነበረምና። አልጋ ላይ ከዋሉም በኋላ፣ እጃቸው ብዕር መያዝ ሲሳነው እንኳ ጣታቸው ይናገር ነበር። ሐኪሙ ሲጠይቅ እሳቸው በጣታቸው ይመልሳሉ፤ አገርነሽ እያየች ትጽፋለች፤ ሐኪሙ ያነባል። እኅቴ ቃል አልቸገራትም። አንዲት ቃል አልባከነችባትም። ከሁለት ዓመት ሕመም በኋላ በዚህ በ1981 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን አቶ አዘዘን፣ ልጆቻቸውን ፅጌ ማርያምንና የሻሽወርቅን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ በስተቀኝ በኩል ቆመው የምታዩአቸውንም ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ይህን አቶ አምባቸው የሚያነቡላችሁን ጽሑፍ እኔ በእጄ ስነግራት የጻፈችው ልጄ አገርነሽ ናት። ሀ ብላ ጠርታ አታውቅም።

ሳይነገር የሚሰማ አምላክ የእኅታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶች እቅፍ ያሳርፍልን፤ የቀረነውንም ያጽናን። እንግዲህ አቶ አምባቸው ንባባቸውን ይፈጽማሉ። ተማሪዎቻቸው ስማቸውን ሊጠሩ ነው። ጣቶቻቸውን አሻሽተው እፍ ሲሉ ተመልከቱና፣ እናንተም አብራችሁ ጥሯቸው።